ዋጋው ቁጥር ነው ወይስ ጽሑፍ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

በቴክኖሎጂ ዓምዳችሁ ስለ ኤክስኤምኤል (መረጃን በስም ምልክት እየከፋፈሉ የሚያስቀምጡበት የፋይል ዓይነት) የወጣውን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን ኤክስኩዌሪ (ከኤክስኤምኤል ፋይል መረጃ የሚጠየቅበት ቋንቋ) የቻለ ሰው ከፋይሉ የፈለገውን ያወጣል ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም።

እኔ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ ባለ መጻሕፍት መደብር መዝገብ ያዥ ነኝ። መዝገባችን ኤክስኤምኤል ነው። ኤክስኩዌሪን መጻሕፍቱን በዋጋ ከትንሹ ጀምረህ ደርድር ስትሉት የ1200 ብሩ መዝገበ ቃላት ከ95 ብሩ የልጆች ተረት ቀድሞ ቁጭ ይላል። ፋይሉ ስኪማ፣ ማለትም የቱ ቁጥር የቱ ጽሑፍ እንደሆነ የሚደነግግ መግለጫ፣ ከሌለው ውስጡ ያለው ዋጋ ሁሉ ዓይነት አልባ ነው፤ ቁጥር ይሁን ጽሑፍ አልተነገረም። የመደርደሪያው ትእዛዝ «ኦርደር ባይ» ደግሞ ዓይነት አልባውን እንደ ጽሑፍ ያየዋል። 1 ከ9 ይቀድማል፣ አለቀ።

የሚያናድደው ሌላው ነው። በዚያው ፋይል ላይ በ«ማክስ» ትልቁን ዋጋ ብትጠይቁት 1200 ብሎ በትክክል ይመልሳል፤ ማክስ ዓይነት አልባውን ወደ ቁጥር ስለሚቀይር። የ«ይበልጣል» ምልክትም እንዲሁ መልኩን ይቀያይራል። ዋጋውን እናንተ ከጻፋችሁት 100 ጋር ካወዳደራችሁት እንደ ቁጥር ይቆጥረዋል። ከፋይሉ ውስጥ ካለ ሌላ ዋጋ ጋር ከሆነ ግን ሁለቱንም ጽሑፍ አድርጎ 95 ከ1200 ይበልጣል ይላችኋል። ኤረር የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ስለዚህ ዋጋን አስቀድሞ ወደ ዴሲማል (ነጥብ ያለውን ጨምሮ የሚይዝ የቁጥር ዓይነት) መቀየር ግድ ነው። ስልክ ቁጥርን ግን ጽሑፍ አድርጋችሁ ተዉት፤ ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) ካደረጋችሁት የፊቱ ዜሮ ይጠፋል።

ወደ ቀን ስንመጣ ነገሩ ይብሳል። የኤክስኩዌሪ የቀን ዓይነት፣ «ዴት»፣ የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። መጽሐፍ የሚያቀርብልን አንድ አከፋፋይ ግን የቀኑን ቦታ በዴት ዓይነት ገድቦ በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ጳጉሜ 3 ሲሆን ወር 13 የለም ተብሎ ይመለሳል። ጥቅምት 30 ሲሆን 2016-02-30 ተብሎ ስለሚጻፍ፣ ፌብሩዋሪ 30 የለውምና እሱም ይወድቃል። እነዚህስ ይሁኑ፣ ቢያንስ ይጮኻሉ። መስከረም 15 ቀን 2016 ግን ሰተት ብሎ ይገባና ጃንዋሪ 15 ቀን 2016 ይሆናል። ትናንት የገባው መጽሐፍ ከሰባት ዓመት በላይ መደርደሪያ ላይ የከረመ ይመስላል። ባለቤቱም ቅናሽ ይደረግበት ይላሉ!

የእኛን ቀን በእኛ አቆጣጠር ማስቀመጥ የፈለገ በስትሪንግ (እንደ ጽሑፍ) ያስቀምጠው፤ ዴት የሚል ደግሞ መጀመሪያ ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ይቀይረው። ዓምደኛችሁ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይቺን ቢያነሱልን ደስ ይለኛል። አከፋፋያችን ጋዜጣችሁን አዘውትሮ ያነባል።

አክባሪያችሁ፣
መዝገብ ያዡ፣ ከለገሃር