ለደንበኞቻችን፦ ኮምፒውተሩ የቢሮው መስመር ላይ ሆኖ ኢንተርኔት ሲያጣ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሲደውሉልን አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው «ኔትወርክ የለም» የሚለውን ነው። ገመድ ቢወልቅም፣ ራውተር ቢጠፋም፣ የኢንተርኔት ክፍያ ቢያልቅም፣ የኮምፒውተሩ ቀን ቢዛባም ያው «ኔትወርክ የለም» ነው። ይህን ደብዳቤ የጻፍንልዎ ባለሙያ ሳይመጣ፣ ከወንበርዎ ሳይርቁ፣ መስመሩ የት ላይ እንደተቋረጠ ለይተው እንዲያውቁ ነው። ብዙ ጊዜ እዚያው ይፈታል፤ ባይፈታም ምን ዕቃ ይዘን እንደምንመጣ እናውቃለን።

መጀመሪያ የጎረቤትዎን ጠረጴዛ ይጠይቁ። የሌላው ሰው ኮምፒውተር ይሠራል? የሚሠራ ከሆነ ችግሩ በእርስዎ ኮምፒውተር ወይም በገመዱ ነው፤ ራውተሩን አይንኩት፣ የሁሉንም ሥራ ያቋርጣሉ። በተለይ በመርፌ የሚጫነውን ትንሽ ቀዳዳ አደራ እንዳይነኩት። እሱ ራውተሩን አጥፍቶ የሚያበራ ሳይሆን የተሞላበትን ሁሉ የሚደመስስ ነው፤ የኢንተርኔት አቅራቢው የሰጠው የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አብሮ ይጠፋል።

ለሁሉም ከጠፋ መብራቶቹን ይመልከቱ። በፋይበር የሚገባላችሁ ከሆነ በሳጥኑ ላይ «ፖን» የሚለው አረንጓዴ ሆኖ ሳያቋርጥ መብራት አለበት። «ሎስ» የሚለው ቀይ ከሆነ ብርሃኑ ሳጥኑ ድረስ አልደረሰም ማለት ነው። ያቺ ቀጭን ገመድ በወንበር ወይም በመሳቢያ ተጣጥፋ እንደሆነ ይዩ፤ ካልሆነ ለአቅራቢው ደውሎ ማስመዝገብ ብቻ ነው የሚቀረው። ነቅለው በዓይንዎ ጫፏን አይዩ፤ የሚመጣው ብርሃን ባይታይም ዓይን ይጎዳል። የስዊቹ (የቢሮውን ገመዶች ሁሉ የሚያገናኘው ሳጥን) መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ እንደ እብድ ብልጭ ድርግም ካሉና ሁሉም ሰው ከተቋረጠ ደግሞ አንድ ሰው የአንዱን ገመድ ሁለቱንም ጫፍ እዚያው ስዊች ላይ ሰክቶ ሊሆን ይችላል። አንዱን ጫፍ ይንቀሉት።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚፈጠረው ችግር ከሁሉም ይበዛል። ኮምፒውተሩ ከሞደሙና ከራውተሩ ቀድሞ ይነሳና አድራሻ (በመስመሩ ላይ የሚታወቅበትን ቁጥር) ይጠይቃል፤ መላሽ ያጣል። ስለዚህ በቅደም ተከተል ያብሩ፦ መጀመሪያ ሞደም ወይም የፋይበር ሳጥን፣ ከ3 ደቂቃ በኋላ ራውተር፣ ከዚያ ስዊች፣ መጨረሻ ኮምፒውተር። ሞደሙን፣ ራውተሩንና ስዊቹን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ) ላይ ብታደርጉ ይህ አንቀጽ አያስፈልጋችሁም፤ ሦስቱም የሚበሉት ኃይል ትንሽ ነው።

አሁን ወደ አንዱ ኮምፒውተር። ላፕቶፕ ከሆነ ዋይፋዩን ያጥፉ፤ አለበለዚያ የትኛውን መንገድ እየፈተሹ እንደሆነ አያውቁም። ከዚያ ገመዱ የሚገባበትን ቀዳዳ ይዩ፤ መብራት ካለ ቢያንስ ሽቦው ተገናኝቷል። ከሌለ ጫፉን ይዘው ቀስ ብለው ሳብ ያድርጉት። ያቺ «ቀጭ» የምትል የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች ገመዱ የተሰካ ይመስላል እንጂ ወንበር በተገፋ ቁጥር ይወጣል። በቴፕ ማሰር መፍትሔ አይደለም፤ ጫፉ ተቆርጦ አዲስ ይታሰራል። ለማረጋገጥ የሚሠራውን የጎረቤት ገመድ ለ1 ደቂቃ ተውሰው ይሰኩ።

እራስዎ ጫፍ የሚያስሩ ከሆነ የምንጠቀምበት አሰላለፍ ይኸው፤ ምላሷን ወደ ታች፣ የመዳብ ጥርሶቹን ወደ ላይ አድርገው ከግራ ወደ ቀኝ፦ ነጭ‑ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ‑አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ‑ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ‑ቡናማ፣ ቡናማ። ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ይሁን። 8ቱ ሽቦዎች በትክክል ካልነኩ አስቸጋሪው ነገር መስመሩ ሙሉ በሙሉ አለመሞቱ ነው፤ 1፣ 2፣ 3 እና 6 ቁጥር ደህና ከሆኑ በ100 ሜጋቢት ይሠራል፣ 1000 ግን አይደርስም፣ ሰውም «ኢንተርኔቱ ደከመ» ይላል። የአንዱ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር አይለፍ። በርካሽ የሚሸጠው ውስጡ አሉሚኒየም ሆኖ መዳብ የተቀባ ኬብል በረጅም መስመር ላይ ያታልላል፤ ሽቦውን በቢላ ፋቅ ሲያደርጉት ነጭ ከሆነ አይግዙት።

ገመዱ ደህና ከሆነ አድራሻውን እንይ። የዊንዶውስን ቁልፍና «አር»ን አንድ ላይ ተጭነው «ሲኤምዲ» (cmd) ብለው ይግቡ፤ በጥቁሩ መስኮት «አይፒኮንፊግ» (ipconfig) ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ሳይነጣጥሉ ይጻፉ። ከሚወጣው ውስጥ የምንፈልገው ሁለት መስመር ነው፦ የኮምፒውተሩ አድራሻና «ዲፎልት ጌትዌይ» የሚለው፣ ማለትም የራውተሩ አድራሻ። የቢሮው ራውተር 192.168.1.1 ቢሆን የእርስዎ 192.168.1 ብሎ ጀምሮ በሌላ ቁጥር ማለቅ አለበት።

በ169.254 የሚጀምር ካዩ ኮምፒውተሩ አድራሻ ጠይቆ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ቁጥር አውጥቷል። በዚህ አድራሻ ኢንተርኔት አይገኝም። ገመዱን ነቅለው ከ10 ሰከንድ በኋላ ይሰኩት። ያው ከሆነና ሌሎቹ የሚሠሩ ከሆነ ራውተሩ የሚያድላቸው አድራሻዎች አልቀው ሊሆን ይችላል፦ 50 አድራሻ ብቻ እንዲያድል የተሞላ ራውተር፣ 20 ሠራተኛ ከነስልኩ ሲገባና እንግዶች ሲጨመሩ ይሞላል። አዳዲስ ስልኮች ደግሞ መለያ ቁጥራቸውን ስለሚቀያይሩ አንዱ ስልክ የሁለት ስልክ ቦታ ሊይዝ ይችላል። መፍትሔው ክልሉን ማስፋት ወይም አድራሻው የሚያዝበትን ጊዜ ከ24 ሰዓት ወደ 4 ሰዓት ማሳጠር ነው።

አድራሻው የሌላ ቤተሰብ ከሆነስ፣ ለምሳሌ 192.168.0.105? ያኔ ቢሮው ውስጥ አድራሻ የሚያድል ሁለተኛ ሳጥን ገብቷል። አንድ ሰው «ዋይፋይ እዚህ ጥግ አይደርስም» ብሎ ራውተር ገዝቶ ከግድግዳው ሰክቷል ማለት ነው። ያ ሳጥን ከዋናው ራውተር ቀድሞ ለመለሰለት ሁሉ የተሳሳተ አድራሻ ያድላል፤ ለዚህ ነው አንዱ ሲሠራ አንዱ የማይሠራው፣ ጠዋት የሠራው ከሰዓት የሚጠፋው። ሳጥኑን መጣል አያስፈልግም። አድራሻ ማደሉን ያጥፉ፣ ለራሱ ከዋናው ራውተር እደላ ውጪ የሆነ ቁጥር ይስጡት (192.168.1.2 ሊሆን ይችላል)፣ ገመዱን «ዋን» ከሚለው ሳይሆን «ላን» ከሚለው ቀዳዳ ይሰኩ። አድራሻው በእጅ የተሞላ ፕሪንተርም እንዲሁ ከእደላው ክልል ውጪ ይቀመጥ፤ አለበለዚያ አንድ ቀን ከአንዱ ኮምፒውተር ጋር ቁጥር ይጋራና ሁለቱም ይቋረጣሉ።

አድራሻው ትክክል ሆኖ ገጽ አልከፍት ካለ በዚያው መስኮት ሦስት ነገር በተራ ይሞክሩ፦ «ፒንግ» (ping) 192.168.1.1፣ ቀጥሎ «ፒንግ» 8.8.8.8 (ኢንተርኔት ላይ ያለ የጉግል አድራሻ)፣ ቀጥሎ «ፒንግ» የአንድ ድረ ገጽ ስም። የመጀመሪያው እምቢ ካለ ችግሩ ቢሮው ውስጥ ነው። ሁለተኛው እምቢ ካለ ከራውተሩ ወዲያ ነው። ሦስተኛው ብቻ እምቢ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ስምን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ዲኤንኤስ ነው፤ በኔትወርክ ካርዱ ቅንብር 8.8.8.8 እና 1.1.1.1 ይሙሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ «ሪፕላይ» የሚለውን ቃል ስላዩ ብቻ ደህና ነው አይበሉ። መስመሩ መጨረሻ ላይ «አንሪቸብል» (unreachable) ካለ የመለሰልዎ የራስዎ ኮምፒውተር ወይም ራውተሩ ነው፤ የላኩት አልደረሰም።

ቴሌግራም እየሠራ ብራውዘሩ ብቻ ካልከፈተ ዲኤንኤስን ወይም ቀኑን ይጠርጥሩ። ቀኑ ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። በማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ ያለችው ሲአር 2032 የምትባል የ3 ቮልት ባትሪ ስትሞት፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ኮምፒውተሩ ቀኑን ይረሳል። ከዚያ አንድ ሰው «2018» ብሎ በእኛ አቆጣጠር ይሞላዋል። ኮምፒውተሩ ግን በፈረንጆቹ 2018 ነው የሚረዳው፤ ባንኩም ኢሜይሉም የሚያቀርቡለት የደኅንነት ማረጋገጫ ገና ያልተወለደ ይመስለዋልና አልቀበልም ይላል። ሰዓቱም እንዲሁ፦ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ነው፤ 3 ብለው ከሞሉት በዚያው ኮምፒውተር የሚወጡት፣ በየ30 ሰከንዱ የሚቀያየሩት የማረጋገጫ ኮዶች አይሠሩም። የሰዓት ክልሉን ሲመርጡ አዲስ አበባን አይፈልጉ፣ ዊንዶውስ የለውም፤ «ናይሮቢ» የሚለውን ይምረጡ። ባትሪዋን ሳይቀይሩ ቀኑን ማስተካከል እስከሚቀጥለው መብራት መጥፋት ድረስ ነው።

የቪፒኤን ፕሮግራም አጥፍተው ከሆነ «ፕሮክሲ» የሚለው ቅንብር (ኢንተርኔቱን በሌላ ኮምፒውተር በኩል የሚያሳልፈው) በርቶ ቀርቶ እንደሆነም ይዩ።

ይህ ሁሉ ካልፈታው ይደውሉ፤ ሲደውሉ አራት ነገር ይንገሩን፦ የኮምፒውተሩን አድራሻ፣ የጌትዌዩን አድራሻ፣ ከሦስቱ ፒንግ የትኛው እንዳልመለሰ፣ የሳጥኑ መብራቶች ምን ቀለም እንደሆኑ። መጻፍ ካስቸገረ የጥቁሩን መስኮትና የሳጥኑን ፎቶ አንስተው በስልክዎ ኢንተርኔት በቴሌግራም ይላኩልን።

ከሰላምታ ጋር፣
የጥገና ክፍል