ለኩሽኔታ ነጂዎቹ ልጆች ቦታ ይሰራላቸው

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ደብረ ማርቆስ ጋራዥ ውስጥ ነው የምሰራው። በራችን ላይ አሮጌ ኩሽኔታ የሚለምኑ ልጆች አይጠፉም፣ አብዛኞቹ ሊስትሮ ናቸው፣ ከገጠር መጥተው ትምህርት ያቋረጡ። ኩሽኔታዋን ከፊት አንድ ከኋላ ሁለት አድርገው ጣውላ ላይ ይገጥሟትና ቁልቁለቱን ይለቁታል፣ ፍሬናቸው እግራቸው ነው፣ ከኋላ አይሱዙ ይመጣል! ሰው ይሰድባቸዋል፣ እኔ ግን ያ ሁሉ ችሎታ አስፋልት ላይ ሲባክን ያንገበግበኛል።

ለነዚህ ልጆች ስኬትቦርድ፣ ማለትም ቆመው የሚነዱት ባለ አራት ጎማ ጣውላ፣ ይሁንላቸው ብል ሰዎች ቅንጦት ነው አሉኝ። ስኬቲስታን የሚባለው ድርጅት እኮ እ.ኤ.አ. በ2007 የተጀመረው አፍጋኒስታን፣ ካቡል ጎዳና ላይ ነው፣ በ2009 የራሱን ማዕከል ከፈተ፣ መንገድ ላይ የሚሰሩ ልጆች ለቦርዱ ብለው ይመጡና እዛው ቁጭ ብለው ይማሩ ነበር፣ ትምህርት ያቋረጠው ተደግፎ ወደ ትምህርት ቤት ይመለስ ነበር፣ የጎበዙት ደግሞ ኋላ አሰልጣኝ ሆነዋል። እዛ ሴት ልጅ ሳይክል ስትነዳ ነውር ነበር፣ ስኬትቦርድን ግን ማንም ቀድሞ ስላልከለከለ ሴቶቹ ገቡበት። ደግሞ ሩቅ ምን ወሰደኝ፣ አዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2016 የኮንክሪት ስኬት ፓርክ፣ የስኬትቦርድ መንጃ ሜዳ ማለት ነው፣ ተሰርቷል፣ ከውጭ የመጡ በጎ ፈቃደኞች ከኛ ልጆች ጋር ሆነው ነው የሰሩት።

እኛ ጋ ምን ይጎድላል? ግንበኛ ሞልቷል፣ የሚያስፈልገው ከመኪና መንገድ የራቀ ቦታና ልስልስ ያለ ኮንክሪት ነው። ግን አደራ፣ መግቢያ 5 ብር እንኳን ከተጠየቀ ሊስትሮው አይመጣም፣ ቦርዱም ሄልሜቱም የጋራ ካልሆነ ያለው ሰው ልጅ መጫወቻ ሆኖ ነው የሚቀረው። ሰዓቱም ይታሰብበት፣ ጠዋት ሰው ወደ ስራ ሲገባ ጫማ የሚጠረግበት ሰዓት ስለሆነ ልጁ እንጀራውን ትቶ አይመጣም፣ እኩለ ቀን ላይ ግን ስራ ፈቶ ሳጥኑ ላይ ነው የሚውለው፣ ያኔ አንድ ሰዓት ቦርድ አንድ ሰዓት ትምህርት ቢሆንለት ይመጣል። ሴቶቹም የራሳቸው ቀን ይኑራቸው፣ ከሰው ቤት የሚሰሩት ታዳጊዎች እሁድ ከሰዓት ይመቻቸዋል።

ከንቲባ ጽህፈት ቤትም ሆነ ስፖርት መምሪያ ይሄን ያነበባችሁ ቦታውን ብቻ ስጡን። የብረት ስራውን እኔ በነፃ እበይዳለሁ፣ ኤሌክትሮዱም ከኔ ነው፣ ሲሚንቶ የሚችል ሲሚንቶ ያምጣ።

የጋራዥ ሰራተኛ፣ ከደብረ ማርቆስ