የጅማ መንገድ ለሳይክልም ይበቃል

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። የስፖርት ገጻችሁን ሳላነብ የማልፍበት ሳምንት የለም። ሳይክል ግን እዚያ ገጽ ላይ የሚነሳው ውድድር ሲኖር ብቻ ነው፤ ማን አንደኛ ወጣ፣ ማን ሜዳሊያ ወሰደ። እኔ የምጽፍላችሁ አንደኛ ስለማይወጣበት ጉዞ ነው። ባለፈው ጥር እኔና የእህቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ተነስተን ጅማ ቤታችን ድረስ በሳይክል ገባን። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አራት ቀን ፈጀብን። 46 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ፣ በሕይወቴ አንድ ቀን ተወዳድሬ አላውቅም።

የመጀመሪያው ቀን ወሊሶ አደርን። እስከ ሰበታ ድረስ መኪናው መፈናፈኛ አይሰጥም፣ ከዚያ ወደ ቱሉ ቦሎ ሜዳው ይከፈታል። ጉልበት ስለነበረን ስለዚያ ቀን ብዙ የምለው የለኝም። ሁለተኛውን ቀን ሆን ብለን አሳጠርነውና ወልቂጤ ላይ ቆምን። ምክንያቱ የጊቤ ወንዝ ሸለቆ ነው።

ይህን መንገድ በአውቶብስ የሄደ ሁሉ ጊቤን ያውቀዋል፤ በሳይክል ግን ሌላ አገር ነው። ወልቂጤ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ድልድዩ ያለው ደግሞ 1,100 ሜትር አካባቢ ነው። ይህን ሁሉ ወርደህ፣ በዚያ ሙቀት መልሰህ ልትወጣው ነው። ስለዚህ ገና ሳይነጋ ተነሳን። ቁልቁለቱ እረፍት ይመስላል እንጂ አይደለም። ፍሬን ይዘህ ከቆየህ ቸርኬው ይግላል፣ ቸርኬው ሲግል ከመነዳሪው ሊፈነዳ ይችላል። የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቅን፣ ያዝ ለቀቅ እያደረግን ወረድን። አንድ መታጠፊያ ላይ ቆሜ ቸርኬውን በጣቴ ነካ ባደርገው ለበለበኝ። እስኪበርድ ድረስ ከድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን ጠበቅን።

ድልድዩን ተሻግረን ወደ አበልቲ መውጣት ስንጀምር ፀሐይዋ ከረረች። የመጨረሻውን ቀላል ማርሽ አስገባሁ፣ ከፊት ጎማዬ አሻግሬ ማየትም ተውኩ። የእህቴ ልጅ ከኋላዬ በየሩብ ሰዓቱ «ጋሼ፣ ጠጣ እንጂ!» ይለኛል። ልክ ነበር። ሰውነት ያጠራቀመው ስኳር ሁለት ሰዓት ያህል በርትተህ ከሠራህ ይሟጠጣል፤ እስኪርብህ ከጠበቅህ ዘግይተሃል፣ እግርህ በድንገት እምቢ ይልሃል። እህቴ ጭኮ ቋጥራልን ነበር። ግማሽ ሰዓት ባለፈ ቁጥር አንድ ጉርሻ ጭኮ፣ ከዚያ ጨውና ስኳር ጣል የተደረገበት የበሶ ውሃ። ያን ዳገት ያወጣን እሱ ነው።

እዚያው ዳገት ላይ ነው መንገዱ ያስከፋኝ። የአስፋልቱ ጠርዝ ተበልቷል። አንድ ቦታ ወርጄ ለካሁት፣ ከአስፋልቱ እስከ ጠጠሩ ድረስ አንድ ስንዝር ሙሉ ቁልቁል ነው። ከባድ መኪና ከኋላህ ጡሩምባ ሲነፋ ወዴት ትሸሻለህ? አንዱ የጭነት መኪና በጣም ተጠግቶኝ ሲያልፍ የሸራው ገመድ ትከሻዬን መታኝ፣ ጠጠሩ ላይ ወደቅሁና መዳፌ ተላጠ። ሹፌሮችን በጅምላ አልወቅስም፤ አብዛኞቹ ቀስ ብለው ሰፋ አድርገው ነው ያለፉን፣ አንድ የአይሱዙ ሹፌር እንዲያውም ቆሞ ውሃ ሰጥቶናል። ግን ጠርዙ ቢሞላ ኖሮ እኔም አልወድቅም፣ የጭነት መኪናው ሹፌርም አይደነግጥም። በዚያ መንገድ እኮ አህያ የሚነዳውም፣ ትምህርት ቤት የሚሄደው ልጅም የሚሄደው በዚሁ ጠርዝ ነው።

ሰኮሩ ስንገባ ጎማዬ ተነፈሰ። ጎሚስታ ቤት ያገኘሁት ልጅ ቢበዛ 15 ዓመት ይሆነዋል። ከመነዳሪውን ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ እየነከረ አረፋ የሚወጣበትን ፈለገ፣ ሁለት ቦታ አገኘ፣ በጥንቃቄ ፈግፍጎ ለጠፈው። ከየት እንደመጣን ስንነግረው እጁን አቆመና አየን።

«እኔም ሳይክል አለኝ። ጅማ የምደርስ ይመስልሃል ጋሼ?»

«ትደርሳለህ» አልኩት።

«ሰው ተሰብስቦ የሚነዳው መቼ ነው?»

መልስ አልነበረኝም። በማግስቱ አሰንዳቦን አልፈን፣ ሰርቦን አልፈን፣ ጅማ እስክንገባ ድረስ ጥያቄው ከጭንቅላቴ አልወጣም። ይህን ደብዳቤም ያስጻፈኝ እሱ ነው።

ሌላ አገር ይህ ነገር ሥርዓት አለው። ፈረንሳይ ውስጥ በ1891 እ.ኤ.አ. የተጀመረ ፓሪስ–ብሬስት–ፓሪስ የሚባል ጉዞ አለ፤ ያኔ ውድድር ነበር፣ ዛሬ ግን በአራት ዓመት አንዴ ተራ ሰው የሚነዳው ነው። 1,200 ኪሎ ሜትሩን በ90 ሰዓት ውስጥ ከጨረስክ ጨረስክ ነው። ካርድ ትይዛለህ፣ በየጣቢያው ማህተም ታስመታለህ፣ አንደኛ የሚባል ሰው የለም። እዚያ ለመድረስ ሰዉ ቀድሞ በ200፣ በ300፣ በ400 እና በ600 ኪሎ ሜትር ጉዞዎች ራሱን ይፈትናል። ለ200ው የሚሰጠው ጊዜ 13 ሰዓት ተኩል ነው።

ከጅማ ሰኮሩ ደርሶ መልስ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጊቤ ድረስ እንኳ መውረድ አያስፈልግም። አሰንዳቦ አንድ ማህተም፣ ሰኮሩ አንድ ማህተም፣ ከኋላ አንድ መኪና ውሃና ከመነዳሪ ይዞ። ይኸው ነው።

እኛ ደግሞ ለሳይክል እንግዳ አይደለንም። ኢትዮጵያ በ1956 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ላይ ስትቀርብ ሜልቦርን የሄዱት ሯጮችና ብስክሌተኞች ነበሩ፤ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ከመሮጡ አራት ዓመት በፊት ማለት ነው። ገረመው ደንቦባ ያኔ በጎዳና ውድድሩ 24ኛ ወጥቷል። በ2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የእነሱን ስም ተማሪዎቼን ስጠይቅ የሚያውቅ አላገኘሁም፣ ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሚመለከተው ክፍል ክረምቱ ሳይገባ የአበልቲን ዳገት ጠርዝ እንዲሞላ ጻፉልን። ዝናብ ከጀመረ የቀረውንም ይወስደዋል። ሁለተኛ፣ የጅማ–ሰኮሩን ጉዞ ሐሳብ አውጡልን፤ የከተማችን የስፖርት ሰዎች አንብበው «እናድርገው» ካሉ ካርዱን ማዘጋጀት፣ ማህተም መምታት፣ ውሃ ማመላለስ የእኔና የጓደኞቼ ሥራ ይሁን።

የሰኮሩው ልጅ ስልኬን ወስዷል። ቀን ከተቆረጠ መጀመሪያ የምደውለው ለእሱ ነው።

አክባሪያችሁ፣
አንድ አስተማሪ
ከጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ