ስቴም ሴሉ እስኪመጣ ድዳችን አይጠብቅም

ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ከጥርስ በሚወጣ ስቴም ሴል (ራሱን እያባዛ ወደ ሌላ ዓይነት ሴል መለወጥ በሚችል ሴል) ያለቀ የመንጋጋ አጥንትን መልሶ ስለመተካት ያወጣችሁት ጽሑፍ ድሬዳዋ ገብቷል። በቴሌግራም ዞሮ ዞሮ እኛ ክሊኒክ ደርሷል። ጽሑፉ ውሸት የለበትም። ግን አንባቢው ገና በሙከራ ላይ ያለውን ነገር ነገ እዚሁ ከተማችን ከዚራ ሰፈር የሚያገኘው መስሎታል።

አንድ የባጃጅ ሹፌር የታች የፊት ጥርሶቹ እየተነቃነቁ መጣ። ራጁን አሳየሁት፤ ሥሩን የያዘው አጥንት ከግማሽ በላይ አልቋል። እሱ ምንም አልመሰለውም። «አቦ ችግር የለም፣ ከመጨረሻው መንጋጋዬ ሴሉን አውጪና አጥንቱን ሙይልኝ» አለኝና ስልኩን አውጥቶ ጽሑፋችሁን አሳየኝ። አንዲት እናት ደግሞ የልጇን የወተት ጥርስ በሶፍት ጠቅልላ፣ በክብሪት ቀፎ ይዛ መጣች። እኛ ልጆች ሳለን ጣሪያ ላይ ነበር የምንወረውረው፣ እሷ ግን ለቁም ነገር ብላ አስቀምጣዋለች። ምን ልበላት? ሴሉ ያለው ጥርሱ ውስጥ፣ ሰው ሁሉ «ነርቭ» በሚለው ለስላሳ ክፍል ነው፣ እሱም በሕይወት ካለ ነው። በድሬ ሙቀት መሳቢያ ውስጥ የከረመ ጥርስ ደርቆ አልቆለታል። የሚያስቀምጡት አገሮች ጥርሱን ወዲያው ላቦራቶሪ አስገብተው፣ ሴሉን ለይተው፣ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ነው የሚያቆዩት።

ሳይንሱ የደረሰበትን ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ2000 አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎቹ እነ ግሮንቶስና ሺ ከመጨረሻው መንጋጋ ጥርስ ስቴም ሴል ለይተው አወጡ፣ በ2003 ደግሞ ከወተት ጥርስ ወጣ። በ2009 የጣሊያን ሐኪሞች የታካሚውን የራሱን ሴል ስፖንጅ በሚመስል ኮላጅን ላይ አድርገው ጥርስ የተነቀለበት ጉድጓድ ውስጥ ከተቱት፤ አጥንቱ ሞላ። ደስ ይላል። ግን የታከሙት ጥቂት ሰዎች ናቸው። ከ3 ዓመት በኋላ ሲመረመርም የበቀለው አጥንት እዚያ ቦታ መሆን እንደነበረበት ወንፊትማ ሳይሆን ድፍን ሆኖ ተገኘ። በ2016 የወጣው የቻይናዎቹ ጥናት ደግሞ ጥርስን ከአጥንት ጋር ከሚያያይዘው ጅማት ሴል ወስዶ የድድ በሽታ ባለባቸው ሰዎች ላይ ሞከረው። ጉዳት አላደረሰም። አጥንቱም ጨመረ። ችግሩ፣ ሴል ሳይገባላቸው የአጥንት መሙያ ብቻ የተደረገላቸውም አጥንታቸው ጨምሯል፣ በሁለቱ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። ጽሑፋችሁ ይቺን ዘሏታል፤ ለእኔ ዋናዋ እሷ ነበረች።

ሌላም የተዘለለ ነገር አለ። አጥንቱን ምን በላው? ጥርስና ድድ መካከል የሚጋገረው ቆሻሻ ወደ ድንጋይ ይለወጣል፣ እዚያ ላይ ባክቴሪያ ይሰፍራል፣ ሰውነታችን ያንን ሊዋጋ ሲነሳ ድዱ ይቆጣና በዚያው ቁጣ የገዛ አጥንቱን ያሟሟል። ይህ ሁሉ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም! ድንጋዩ እዚያው ተቀምጦ፣ ድዱ እየደማ ሴል ብትከቱበት ትርፉ ኪሳራ ነው።

እዚህ ከተማ ደግሞ «ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያላላል» የሚል ነገር አለ። ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ይሉታል። የሚያላላው እጥበቱ አይደለም፤ አጥንቱ ድሮ አልቋል፣ ጥርሶቹን እርስ በርስ ደግፎ ያቆማቸው ድንጋዩ ነበር፣ እሱ ሲነሳ የነበረው መላላት ይወጣል። ሰውየው ይደነግጥና ሁለተኛ አይመለስም፣ ለጎረቤቱም ይነግራል፣ ከዚያ ጎረቤቱም ይቀራል። እኔ አሁን ከማጠቤ በፊት መስታወት አስይዤ ጥርሱን በጣቴ አነቃንቄ አሳየዋለሁ። ያኔ ክርክር የለም።

ስለ ሲጋራም ልጨምር፣ በርጫ ላይ አንድ ፓኮ የሚጨርስ ሰው ስለማላጣ። ሲጋራ የድዱን ደም ስለሚቀንስ የሚያጨስ ሰው ድዱ ብዙም አይደማለትም፣ ጤነኛ የሆነ ይመስለዋል፣ ከሥር ግን አጥንቱ ከማያጨሰው ሰው ፈጥኖ ይወርዳል። ስኳር ያለበትም ሰው እንደዚያው ነው፤ ስኳሩ ካልተስተካከለ ድዱ አይድንለትም።

ስቴም ሴሉን አልጠላሁትም፤ አንድ ቀን ይሆናል። ግን ያ የባጃጅ ሹፌር ዛሬ የሚያስፈልገው ድንጋዩን ማስነሳት፣ ማታ ማታ ሳይቦርሽ አለመተኛትና ሲጋራውን መተው ነው። ይህን ስነግረው ፊቱ ላይ ያየሁት ቅሬታ የጽሑፋችሁ ሥራ ነው፣ አትቀየሙኝ።

በሚቀጥለው ስትጽፉ ሙከራና ሕክምናን ለይታችሁ አስቀምጡልን። ከፈለጋችሁ፣ ታካሚው ፈቅዶ ስሙ ከተሸፈነ፣ ጤነኛ መንጋጋና አጥንቱ ያለቀ መንጋጋ ጎን ለጎን የሚያሳይ ራጅ እልክላችኋለሁ፤ ከጽሑፉ በላይ እሱ ያስረዳል።

አክባሪያችሁ
የጥርስ ሕክምና ባለሙያ፣ ከድሬዳዋ