ያ ጉቶ የጥድ አይደለም

ለአዘጋጁ፣

ባለፈው ሳምንት እዚህ ሰሜን ሸዋ ስላለው የወፍ ዋሻ ደን ያወጣችሁትን ጽሑፍ ሁላችንም አየነው፣ ሼር ሲደረግ ነው የሰነበተው። ሌላውን ልተወውና ፎቶው ላይ ልምጣ። ከስሩ «በነዋሪዎች የተጨፈጨፈው ጥንታዊ የጥድ ደን» ብላችኋል። እስቲ ዙም አድርጋችሁ እዩት! ጉቶው ሁሉ ዙሪያውን ለጋ ቅጠል አቆጥቁጧል። ጥድ አንዴ ከተቆረጠ ከጉቶው አያቆጠቁጥም፣ እኛንም የሚያንገበግበን እሱ ነው፤ ተቆርጦ እንደዛ የሚያቆጠቁጠው ባህር ዛፍ ነው። እሱንም ፎቶው ላይ ያለው ቦታ ባለቤት በገዛ መሬቱ ተክሎ፣ አሳድጎ፣ አጣና አርጎ ሸጠው። በቃ፣ ደን ጨፍጫፊ ተባለ።

ባህር ዛፍ እኮ አገራችን የገባው በምኒልክ ጊዜ ነው። የወፍ ዋሻ ጥድ ግን ገና በ15ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ዘሩ ተወስዶ መናገሻ ተተከለ ነው የሚባለው፣ አዲስ አበቤ ቅዳሜና እሁድ የሚንሸራሸርበት የመናገሻ ሱባ ደን ማለት ነው። እናንተ «ጥንታዊ» ያላችሁት ዛፍ የባለቤቱን የመጀመሪያ ልጅ በእድሜ አይበልጥም።

ደሞ ከኛ መንደር አንድ ሰው አልጠየቃችሁም። ዝንጀሮ ገብሳችንንና ባቄላችንን ሲጨርሰው ካሳ የሚባል ነገር አይተን አናውቅም፣ ልጆቻችን ከትምህርት ቀርተው ማሳ ይጠብቃሉ፣ ከነብሩም ከጉሬዛውም ጋር ተቻችለን የምንኖረው እኛ፣ ስለ ደኑ የሚጠየቀው ግን ደብረ ብርሃን ሆቴል ቁጭ ያለ ባለሙያ። የአንድ ደብረ ሲና ወይ አንኮበር ገበሬ ስልክ አጥታችሁ ነው? ኔትወርክ እኮ አለን፣ አንዳንዴ!

ደኑ አልተነካም አላልኩም። ከብት እየገባ የጥዱንና የዝግባውን ችግኝ ይረግጠዋል፣ አሮጌው ዛፍ ሲወድቅ ተተኪ የለውም፣ ሌሊት ጥድ የሚቆርጥም አለ። ከዚህ አፋፍ ወደ ቆላ የሚወርደው ውሃ አዋሽ ነው የሚገባው፣ ስለዚህ ጉዳቱ እኛ ጋ ብቻ አይቀርም። ይህን ብትጽፉ እኔው ሼር አደርገው ነበር። ግን ሰዉ ባህር ዛፍ ባይተክል ማገዶውም ማገሩም ከየት ይመጣ ነበር? ከደኑ ነዋ! ደኑን ያተረፈውን ዛፍ እንደ ጭፍጨፋ ማስረጃ አወጣችሁት።

ሰውየው አሁን ገበያ በወጣ ቁጥር «ደኑን ጨረስከው አሉ» እያሉ ይቀልዱበታል፣ እሱ ግን አልሳቀም። ፎቶውን አንሱልን፣ እርማትም አውጡ፣ ፎቶውን በለጠፋችሁበት በዚያው ቦታ እንጂ ማንም በማያየው ጥግ አይሁን።

የደኑ ጎረቤት፣ ከጣርማበር