«ምን ልበላት?» ላልሽኝ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽ ተሻለሽ?

ባለፈው የጎረቤታችን ልጅ ማይኒንግ ኢንጂነሪንግ (የማዕድን ምህንድስና) ካልተማርኩ ብላ እናቷን እንዳስጨነቀች ነገርሽኝና «ምን ልበላት?» አልሽኝ። ኔትወርኩ ተቋረጠ። በስልክ የሚያልቅም አይደለምና ልጻፍልሽ።

መጀመሪያ፣ ዋሻ ውስጥ አይደለም የምውለው። እኔ ያለሁበት የወርቅ ጉድጓድ ከላይ የተከፈተ ነው። እንደ አያቴ ማሳ በእርከን በእርከን ይወርዳል። ከላይ የተፈነቀለ ድንጋይ ታች ያለው ሰው ላይ ሳይደርስ እርከኑ ላይ እንዲቀር ነው። የእኔ ሥራ ግድግዳው እንዳይናድ መጠበቅ ነው። ክረምት ላይ ውሃ በስንጥቁ ገብቶ ዓለቱን ይገፋዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እየዞርኩ ስንጥቁ ሰፍቶ እንደሆነ እለካለሁ። ከሰፋ ሰውም ማሽንም ይወጣል። «ውጡ» የምለው እኔ ነኝ።

ይሄ ቀላል እንዳይመስልሽ። አንድ ቶን ዓለት ተፈጭቶ ሁለት ግራም ወርቅ እንኳ ላይወጣው ይችላል። መኪኖቹ ለአንድ ሰዓት ሲቆሙ ብዙ ብር ነው። አለቃ ይቆጣል፣ ሹፌር ያጉረመርማል። እኔ ግን ንክች አልልም። በሥራዬ የምኮራው እዚህ ላይ ነው፣ እማዬ።

ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ የገዳም ሥርዓት ነው፣ አክብረነው አድገናል። ማዕድን ግን ገዳም አይደለም። ድሮ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1935 ባወጣው ስምምነት ሴት ከመሬት በታች እንዳትቆፍር ከልክሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የማዕድን ደህንነት ስምምነት ግን ወንድ ሴት ብሎ አይለይም።

አስቸጋሪውንም ንገሪያት። ስጀምር የሴት ሴፍቲ ጫማ የለም ተብዬ 42 ቁጥር ሰጡኝ። ጨርቅ ጠቅጥቄበት ቁልቁለት ስወርድ የአውራ ጣቴ ጥፍር ጠቁሮ ወለቀ። ደጋግመን ጠይቀን ነው ልካችን የመጣው። በዓል ካምፕ ውስጥ ያልፋል። ያንቺ ጉልበት ሲያምሽ አጠገብሽ አለመሆኔ ደግሞ ከሁሉም ይከብደኛል።

ሂሳብና ፊዚክስ ከወደደች ግን አትከልክሏት። እናቷ «ማን ያገባታል?» እንደምትል አውቃለሁ፤ አንቺም ብለሽኝ ነበር። ለልጅቷ ግን ይሄን አትበያት።

ስልኬን ስጫትና እሑድ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ትደውልልኝ፣ ያኔ ኔትወርኩ ይሻላል። የጉልበትሽን መድኃኒት ሳትበይ እንዳትውጪ። ለፋሲካ እመጣለሁ።

ልጅሽ