ደብዳቤ ለልጄ፦ አንድ መንገድ፣ አንድ ጅብ

ይድረስ ለውድ ልጄ፣
ድሬዳዋ

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? የድሬ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ ሐረር ሁላችንም ደህና ነን፤ ፈጣሪ ይመስገን።

የላክሽልኝን የጌም ዕቅድ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ጀጎል ሙሉው፣ አምስቱም በር፣ 368ቱ ቀጫጭን መንገዶች፣ መስጊዶቹ፣ ገበያው፣ ሁሉም በ3ዲ፣ ለዚያውም ብቻሽን። ሐሳቡ ያኮራል። ነገር ግን በዚህ መልኩ አያልቅም፤ ቢያልቅም አያምርም። ምክንያቱን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አጀማመሩን ደግሞ ከዚያ በኋላ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ።

ትልልቅ ኩባንያዎች በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ቀጥረው ለዓመታት የሚሠሩትን በስፋት ልትወዳደሪው አትችይም። ኢንዲ ጌም፣ ማለትም አንድ ሰው ወይም ጥቂት ሰዎች በራሳቸው የሚሠሩት ጌም፣ የሚወደደው በሌላ ነገር ነው፤ ውስጡ ያለው ሁሉ አንድ ሰው ተጨንቆበት የተቀመጠ መሆኑ ያስታውቃል። የጌም ሠሪውን የሉካስ ፖፕን “ፔፐርስ፣ ፕሊዝ” እዪው፤ የወጣው በ2013 ነው። ጨዋታው በሙሉ የሚካሄደው በአንድ የድንበር ተቆጣጣሪ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሩጫ የለ፣ ዝላይ የለ። ፓስፖርት ትቀበያለሽ፣ ቀኑን፣ ፎቶውንና ማህተሙን ታመሳክሪያለሽ፣ ታሳልፊያለሽ ወይም ትመልሻለሽ። ክፍያው በትክክል ባስተናገድሽው ሰው ልክ ነው፤ ማታ ደግሞ የተቆጣጣሪው ቤተሰብ ምግብና ማሞቂያ ይፈልጋል። አንዲት እናት ወረቀት ጎድሏት ፊትሽ ስትቆም እጅሽ ማህተሙ ላይ ይደርቃል። ይህን ስሜት ያመጣው የሥዕሉ ጥራት አይደለም፤ የጠረጴዛው ጥበትና የሰዓቱ ሩጫ ነው።

ይኸው ሰው በ2018 “ሪተርን ኦቭ ዘ ኦብራ ዲን”ን ሲያወጣ ሁለት ቀለም ብቻ ተጠቀመ፤ አንድ ጨለማ፣ አንድ ብርሃን። ጥላውን የሚሰጠው የነጥቦች መራራቅና መቀራረብ ነው። ችግሩ ካሜራው ሲዞር መጣ፤ ነጥቦቹ ስክሪኑ ላይ ተጣብቀው ስለሚቀሩ ሥዕሉ ከሥራቸው ሲንሸራተት ዓይን ያደክማል። መፍትሔው ነጥቦቹን ከስክሪኑ አላቅቆ፣ ካሜራውን በከበበ የማይታይ ኳስ ላይ ማሳረፍና ካሜራው ሲዞር ከሥዕሉ ጋር አብረው እንዲንሸራተቱ ማድረግ ነበር። ለአንድ የዓይን ድካም ያን ያህል የሚለፋ ሰው ነው ኢንዲ ጌምን ጥበብ የሚያደርገው።

አሁን ወዳንቺ ልመለስ። ከጀጎል አንድ መንገድ ብቻ ውሰጂ። ሌሊት ይሁን። ተጫዋቹ ደግሞ ሰው ሳይሆን ጅቡ ይሁን። በግንቡ ውስጥ ጅብ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ፤ በዚያ ይግባ፣ ከየበሩ የተጣለ ቅንጥብጣቢ ይልቀም፣ ሰው ሳያስደነግጥ፣ ጎህ ሳይቀድ ይውጣ። በየማታው ጅብ እያበላች የምታድር ከተማ ልጅ ስለሆንሽ፣ ካንቺ በተሻለ ይህን የሚሠራ ሰው አይታየኝም።

መንገዶቹን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲፈጥራቸው ማድረግ እንደሚቻል ጽፈሻል። ይቻላል። “ስፔላንኪ” የሚባለው የዋሻ ጌም እያንዳንዱን ደረጃ አራት በአራት አድርጎ በ16 ክፍል ይከፍለዋል፤ ከላይ እስከ ታች የሚያደርስ አንድ መንገድ መኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ቀሪውን በዕጣ ይሞላዋል። ለዋሻ ግሩም ነው። ጀጎል ግን በዕጣ የተሠራ ሰፈር አይደለም፤ እያንዳንዱ መታጠፊያ የሚያውቀው ሰው አለው። በእጅሽ ሥሪው።

ኤንጂኑ፣ ማለትም ጌሙን የምትሠሪበት ሶፍትዌር፣ ጎዶት ይሁን። ሁለት አርጀንቲናውያን፣ ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪየል ማንዙር፣ የጀመሩት ነው፤ ከ2014 ወዲህ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ከሽያጭሽም ድርሻ አይጠይቅም። ፕሮጀክቱን ስትከፍቺ ከሥዕል ማሳያ ዘዴዎቹ “ኮምፓቲቢሊቲ” የሚለውን ምረጪ፤ አሮጌ ላፕቶፕ፣ ርካሽ ስልክና ብራውዘር ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ኮዱን በጎዶት በራሱ ቋንቋ፣ በጂዲስክሪፕት ጻፊ፤ ሲ ሻርፕ በሚባለው ሌላ ቋንቋ ከጀመርሽ ወደ ብራውዘር ማውጣት ላይ ትቸገሪያለሽ። ወደ ስልክና ወደ ብራውዘር ለማውጣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ፋይል ከኤንጂኑ ራሱ በብዙ እጥፍ ይከብዳል፤ የግቢው ዋይፋይ ጥሩ በሆነ ቀን አስቀድመሽ አውርጂው።

የሥዕሉ ስፋት 320 በ180 ፒክስል ይሁን። በአራት ሲባዛ 1280 በ720፣ በስድስት ሲባዛ 1920 በ1080 ይሆናል። ብዙ ላፕቶፕ 1366 በ768 ነው፤ እዚያ ላይ ስክሪኑን ልሙላ ካልሽ ማባዣው 4.27 ገደማ ይመጣል። ያኔ አንዱ የሥዕሉ ፒክስል አራት፣ ጎረቤቱ አምስት የስክሪን ነጥብ ይወፍራል፤ ጅቡ ሲራመድ ግድግዳው ሁሉ የሚንቀጠቀጥ ይመስላል። በሙሉ ቁጥር ብቻ እንዲባዛ እዘዢው፤ በግራና በቀኝ 43፣ ከላይና ከታች 24 ነጥብ ጥቁር ጠርዝ ቢቀር ማንም አያማርርም። የምስሉን ማጣሪያም “ኒረስት” አድርጊው፤ አለበለዚያ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። ደግሞ አንዴ የሣልሽውን ሥዕል ለማተለቅ አትጎትቺው። በአንድ ስክሪን ላይ ሁለት ዓይነት የፒክስል መጠን ከታየ፣ ሥራው በችኮላ የተሠራ መሆኑን ዕውቀት የሌለው ሰው እንኳ ያየዋል።

ስለ ሥዕሉ ብዙ የምልሽ አለ። ፒክስል እንደ ሐረር ስፌት ነው፤ ሰፊዋ ቀለም የተነከረውን አክርማ በቁጥር ነው የምታስገባው፣ አንድ ከሳተች የዙሩ ሐረግ ይዛባል። ጅቡን በ24 በ16 ፒክስል ሣዪው። ከተማችን የሚመጣው ባለ ነጠብጣቡ ስለሆነ ጆሮው ክብ ነው፤ ካሾልሽው ሌላ ዓይነት ጅብ ይሆናል። ትከሻው ከዳሌው በሦስት ፒክስል ከፍ ይበል፤ ጅብ ከውሻ የሚለየው በዚያ ቁልቁለት ነው። ነጠብጣቡ ከአምስት ወይም ከስድስት አይብለጥ፤ ከበዛ ሲራመድ ብልጭ ድርግም እያለ ያስቸግራል። እርምጃው ስምንት ፍሬም፣ ማለትም ስምንት ተከታታይ ሥዕል፣ ይሁን። ቅደም ተከተሉ የኋላ ግራ፣ የፊት ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ የፊት ቀኝ ነው፤ የግራ ፊትና የቀኝ ኋላ እኩል ከተነሱ መራመዱ ቀርቶ ሶምሶማ ይሆናል።

ቀለሙ ከ16 አይብለጥ። የጀጎል ግድግዳ በቀን ነጭ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ወይን ጠጅ ነው፤ በሌሊት ግን እነዚያኑ ቀለሞች ጥቁር ጨምረሽ አታጨልሚያቸው፣ ጭቃ ይሆናሉ። ጥላውን ወደ ሐምራዊ፣ የአምፖሉን ብርሃን ወደ ቢጫ ሳቢው። ከዚያ ሥዕሉን በሙሉ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረሽ ተመልከቺው። ጅቡ ከግድግዳው ካልተለየ ችግሩ የቀለም ሳይሆን የብርሃን ልክ ነው፤ የግድግዳውን ብርሃን ቀንሺ። መንገዱን ከጎን አሳዪው እንጂ ከላይ አታሳዪው፤ ከላይ ከታየ ግድግዳው ይጠፋል፣ የኛ ሰፈር ውበቱ ደግሞ ግድግዳው ነው።

ግን ከሥዕሉ በፊት እንቅስቃሴው ይቅደም። አንድ ባዶ አራት ማዕዘን ብቻ አስቀምጪና እሱን ማንቀሳቀስ ደስ እስኪል ድረስ ሌላ ነገር አትንኪ። ጅቡ ሁለት ሰድር፣ ማለትም 32 ፒክስል፣ ይዝለል፤ ጫፍ ላይ ለመድረስ 0.4 ሰከንድ ይውሰድ። የመሬት ስበቱ ቁመቱ በሁለት ተባዝቶ ለጊዜው ካሬ ሲካፈል ነው፤ 64 ለ0.16፣ ማለትም 400። የመነሻ ፍጥነቱ ቁመቱ በሁለት ተባዝቶ ለጊዜው ሲካፈል ነው፤ 64 ለ0.4፣ ማለትም 160። ቁጥሮቹን በግምት እየቀያየርሽ ቀን አታባክኚ፤ መጀመሪያ ቁመትና ጊዜውን ወስኚ፣ ሌላውን ሒሳቡ ይሰጥሻል። ሲወርድ ስበቱን በአንድ ተኩል አባዢው፣ 600 ይሁን፤ ያለዚያ እንደ ፊኛ ይንሳፈፋል። ቁልፉን ቶሎ የለቀቀ ተጫዋች አጭር ዝላይ እንዲያገኝ፣ ሲለቅ ወደ ላይ ያለውን ፍጥነት በግማሽ ቁረጪው።

አሁን ደግሞ ብዙ ጀማሪ የማያውቀው ነገር። ሰው ከጠርዝ ሲዘል አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ይዘገያል፤ እግሩ መሬት ከለቀቀ በኋላ ነው ቁልፉን የሚጫነው። ጌሙ “አየር ላይ ነህ” ብሎ ከከለከለው ጥፋቱ የራሱ መሆኑን አያውቅም፣ ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል። ማዲ ቶርሰንና ኖኤል ቤሪ በአራት ቀን ከሠሩት ትንሽ ጌም ተነስተው በ2018 ያወጡት “ሴለስት” ከጠርዝ ከወጣሽ በኋላ ለ0.1 ሰከንድ መዝለል ይፈቅድልሻል። ጭንቅላትሽ የጣሪያ ጥግ ከነካ ደግሞ እስከ አራት ፒክስል ወደ ጎን ገፋ አድርጎ ያሳልፍሻል። ተጫዋቹ ይህን አያየውም፤ “እጄ ይታዘዝልኛል” ይላል እንጂ። በጣም ከባድ የሆነ ጌም ለሰው እንዲህ ሲያዝን ማየት ልቤን ይነካዋል። አንቺም ሁለቱንም አስገቢ። ጅቡ መሬት ከመንካቱ 0.1 ሰከንድ በፊት የተጫነ ቁልፍም እንዳይባክን አስታውሺው፤ ሲያርፍ ወዲያው ይዝለል።

ስበቱን ስትደምሪ በፍሬሙ ጊዜ፣ ማለትም ስክሪኑ አንዴ እስኪታደስ በሚያልፈው ጊዜ፣ ማባዛት አትርሺ። ካልተባዛ፣ የፍሬሙ ፍጥነት ሲቀየር የዝላዩም ቁመት ይቀየራል። ፍጥነቱን ራሱን ግን ለጎዶት የማንቀሳቀሻ ትእዛዝ ከመስጠትሽ በፊት አታባዢው፤ እሱ ራሱ ያባዛዋል፣ ሁለቴ ከተባዛ ጅቡ ከቦታው የማይነቃነቅ ይመስላል።

ጽሑፉ በአማርኛ ይሆናል ብለሻል፤ ደግ አደረግሽ። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። መጀመሪያ፣ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው የ8 ፒክስል ቁመት ለፊደላችን አይበቃም። “ጠ” ሦስት እግርና በመሐል ሁለት ክፍተት ስላላት ከአምስት ፒክስል ያነሰ ስፋት አይበቃትም፤ “ጨ” ላይ ደግሞ ከላይ ይጨመራል። 12 ፒክስል ቁመት አድርጊው፤ በአንድ መስመር 28 ፊደል ያህል ይገባልሻል። ፊደል በፊደል እየታየ የሚወጣ ጽሑፍ ከሆነ የእንግሊዝኛውን ፍጥነት አትቅጂ፤ የኛ አንድ ፊደል ተነባቢና አናባቢ አንድ ላይ ስለሚይዝ በሰከንድ 20 ከበቂ በላይ ነው። ሁለተኛው ወጥመድ የከፋው ነው። ላፕቶፕሽ ላይ አማርኛው በትክክል ይታያል፣ ብራውዘር ላይ ስትከፍቺው ግን ሁሉም ባዶ ሳጥን ይሆናል። ምክንያቱም ኮምፒውተሩ ላይ ጎዶት የራሱ ፎንት ያጣውን ፊደል ከሲስተሙ ይበደራል፤ ብራውዘር ላይ መበደር አይችልም። “ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ”ን ወይም ራስሽ የሣልሽውን ፎንት ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቢና ከቅንብሩ ዋና ፎንት አድርጊው።

ድምፁን ከኢንተርኔት አትልቀሚ። ስልክሽን ይዘሽ መኪና ግርግር ወደሚባለው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ሂጂ፤ የልብስ ስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ብቻውን ከበሮ ይሆንሻል፣ ባለቤቶቹን አስፈቅደሽ ቅጂ። የኮቴ ድምፅ ቢያንስ አምስት ዓይነት ያስፈልግሻል፤ አንዱ ከተደጋገመ ጆሮ ወዲያው ይይዘዋል። በየእርምጃው ቅጥነቱን ከ0.95 እስከ 1.05 በዕጣ ቀያይሪው። አጫጭሩን ድምፅ በዌቭ፣ ዘፈኑን በኦግ የፋይል ዓይነት አስቀምጪ። ብራውዘር ተጫዋቹ ሳይነካው ድምፅ አያሰማም፤ ስለዚህ “ጀምር” የሚል ቁልፍ የግድ ይኑር። አዛኑን የቀን መውጫ ምልክት ማድረግሽ ጥሩ ነው፣ ግን አትቁረጪው፣ አትደጋግሚው፣ ከጨዋታ ድምፅ ጋርም አታደባልቂው፤ ሲጀምር ሌላው ሁሉ ዝም ይበል።

መብራት በድንገት የሚሄድበት አገር ነን። የተጫዋቹን ውጤት ስታስቀምጪ በቀጥታ አሮጌው ፋይል ላይ አትጻፊ፤ መሐል ላይ ከተቋረጠ ሁለቱም ይጠፋሉ። አዲስ ፋይል ጽፈሽ ከጨረስሽ በኋላ በአሮጌው ስም ተኪው። የራስሽንም ሥራ የኮድን ለውጥ በሚመዘግበው በጊት ያዢ፣ በየማታውም ቅጂውን ሌላ ቦታ አድርጊ። ላፕቶፕሽ በድሬ ቀትር ሲግል ራሱን ስለሚያዘገይ፣ የጌሙን ፍጥነት በቀትርም በሌሊትም ለኪ፤ ፍሬሙን በሰከንድ ከ60 እንዳያልፍ ገድቢው።

ሲጫወቱልሽ አፍሽን ያዢ። ስልኩን ስጪና “እዚህ ጋ ዝለል” ሳትይ የት እንደሚቆሙ ብቻ ጻፊ። ሰው ስለ መፍትሔው የሚሰጠው ሐሳብ ብዙ ጊዜ ይስታል፤ የቆመበት ቦታ ግን አይዋሽም። ሦስት ሰው አንድ ቦታ ላይ ከቆመ ቦታውን ቀይሪው።

ሽያጩን ለጊዜው ተዪው። ስቲም የሚባለው የጌም መሸጫ ድረ ገጽ ለአንድ ጌም 100 ዶላር ያስከፍላል፣ ከገቢውም በአብዛኛው 30 በመቶ ይወስዳል። ኢች በሚባለው ሌላ ድረ ገጽ ላይ ግን በነፃ ታወጪዋለሽ፤ ድርሻውንም ራስሽ ነሽ የምትወስኚው። የመጀመሪያሽን እዚያ አውጪ።

ባዶው አራት ማዕዘን ሲዘል ደስ ያለሽ ዕለት ለስልክ የሚሆነውን ፋይል ላኪልኝ። ሥዕል አያስፈልገውም። ዝላዩን በሁለት ዓይነት አድርጊና ላኪ፣ አንዱ 32 ፒክስል፣ ሌላው 40፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን አትንገሪኝ።

እናትሽ
ከሐረር